ማሽኑ ሲቀነስ ተስፋ አልተቆረጠም

 

በረመዳን ገጾች ላይ ስለ ጾም፣ ስለ ሰደቃና ዝምድናን ስለ መቀጠል ብዙ ይጻፋል። ዛሬ ግን ከቤታቸው የኢፍጣር ማዕድ ርቀው በሆስፒታል ኮሪደር ላይ በቴምርና በውኃ ስለሚያፈጥሩ ቤተሰቦች እንጽፋለን። አባታቸው ወይም እናታቸው በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በመተንፈሻ ማሽን ላይ የሆኑባቸው ቤተሰቦች ናቸው። ሐኪም «ማሽኑን ልንቀንስ ነው» ሲላቸው ልባቸው ይደነግጣል፤ ብዙ ጊዜም ስልክ የሚደውሉት ወደ እኛ ወደ ኢማሞች ነው። እኛም መልስ እንሰጣለን። መልሳችን ሁልጊዜ ትክክል አልነበረም፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ አማና ማጉደል ይሆንብናል።

የሰጠነው ምክር

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በረመዳን ሁለተኛ ሳምንት፣ ተራዊሕ ሰግደን ስንወጣ የአንድ ጎረቤታችን ልጅ በመስጊዱ በር ላይ ጠበቀን። አባቱ በከባድ የሳንባ ምች ታመው አንድ ሳምንት ያህል በማሽን ሲተነፍሱ ቆይተዋል። «ሼህ፣ ዶክተሮቹ የማስተኛውን መድኃኒት አቁመን፣ ከማሽኑ ቀነስ አድርገን እንሞክራቸው እያሉ ነው። ወንድሞቼ ደግሞ ሊገድሉት ነው ይላሉ። ምን እናድርግ?» አለን።

እኛም ሐኪሙን ሳንጠይቅ፣ ነገሩን ሳናጣራ፣ «አትቸኩሉ። ጁሙዓ ይለፍ፣ በጀመዓ ዱዓ እናድርግላቸው፤ እስከዚያ ማሽኑን እንዳይነኩት ንገሯቸው» አልን። ቤተሰቡ ቃላችንን ይዞ ሄደ። ሐኪሞቹ ቢያስረዷቸውም «ኢማማችን ቆዩ ብለውናል» እያሉ ፈቃድ ነሱ። አራት ቀን እንዲሁ አለፈ።

ጁሙዓ አለፈ፤ ዱዓው ተደረገ፤ ሙከራውም ተጀመረ። እኚያ አባት ግን በጣም ደክመው ነበር። ትንሽ ተንፍሰው ይዝላሉ፣ ወደ ማሽኑ ይመለሳሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ኢንፌክሽን ያዛቸውና ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

አጀል በአላህ እጅ ነው። የሞቱት በእኛ ቃል ነው አንልም፤ ሐኪሙም እንዲያ አላለንም። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ግን ልባችን አላርፍ ቢለን ሄደን ጠየቅነው። ወጣት ሐኪም ነው። ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «ሼህ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ አራት ቀን ይጠቅማቸው ነበር» አለን። ከዚያ ወንበር ስቦልን ሁሉንም ከሥሩ አስረዳን። ከእርሱና ከዚያ ወዲህ ከጠየቅናቸው ሐኪሞችና ነርሶች የተማርነውን ነው ለእናንተ የምናቀርበው።

ማሽኑ ምን ይሠራል?

«ቬንቲሌተር» የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የለመድነው በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ ነው። በዚያ ረመዳን መስጊዶች ተዘግተው ተራዊሕን በየቤታችን ሰገድን፤ የሚሊኒየም አዳራሽም የሕሙማን ማዕከል ሆነ። ያኔ ማሽኑ የሞት ምልክት ሆኖ በልባችን ቀረ። ፍርሃታችን ከዚያ የመጣ ይመስለናል።

ማሽኑ በሽታን አያድንም። በሽታውን የሚያክመው ሌላው መድኃኒት ነው። ማሽኑ የሚሠራው መድኃኒቱ ጊዜ እንዲያገኝ ሕመምተኛው ሊሸከመው ያልቻለውን የመተንፈስ ሥራ መሸከም ነው። በአፍ በኩል አንድ ቱቦ በድምፅ አውታሮች መካከል አልፎ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። ሕመምተኛው መናገር የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስላኮረፈ ወይም ስለረሳን አይደለም። ቱቦውም ስለሚያስጨንቅ የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጠዋል።

ከሳንባችን በታች፣ ከሆዳችን በላይ ድያፍራም የሚባል ጡንቻ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል። ከተወለድንበት ቀን ጀምሮ ሌት ተቀን ሳያርፍ የሚያስተነፍሰን እርሱ ነው። ማሽኑ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ሲወስድበት ግን ይሰንፋል። እግሩ ተሰብሮ በጄሶ የታሰረ ሰው ጄሶው ሲፈታለት እግሩ ቀጥኖ እንደሚገኘው ማለት ነው። የእግር ጡንቻ ለመቅጠን ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ድያፍራም ግን ይፈጥናል። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የአእምሮ ሞት በደረሰባቸውና ከ18 እስከ 69 ሰዓት ብቻ በማሽን በተነፈሱ ሰዎች ላይ የድያፍራም የጡንቻ ክሮች ስፋት ከግማሽ በላይ ቀንሶ አግኝቷል። በዚህ ላይ ቱቦው ለጀርም መግቢያ መንገድ ይሆናል፤ ማስተኛ መድኃኒቱም ሲረዝም አእምሮን ያወዛግባል።

እንግዲህ «ማሽኑን አትንኩት» ስንል የጠበቅናቸው መስሎን ነበር። እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ዋጋ እንደሚያስከፍል አላወቅንም።

«ፊጣም» የሚለው ቃል

በዐረብኛ የሚጽፉ ሐኪሞች ሕመምተኛን ከማሽን ለማላቀቅ የሚጠቀሙበትን ቃል ስንሰማ ነገሩ ይበልጥ ገባን። ቃሉ «ፊጣም» ነው፤ ሕፃን ጡት ሲጥል የሚባለው ያው ቃል። እናት ልጇን ጡት የምታስጥለው ስለጠላችው አይደለም። ጥርስ አወጣ፣ እህል መቅመስ ቻለ ብላ ነው። ቀስ እያለች ታለማምደዋለች፤ ሲያለቅስ ታባብለዋለች፤ ከታመመ ደግሞ ታቆየዋለች።

ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ 233ኛ አንቀጽ ላይ ስለ ልጅ ጡት መጣል ሲናገር፣ ሁለቱ ወላጆች ተስማምተውና ተመካክረው እንዲያደርጉት ያመላክታል። ለአንድ ሕፃን ጡት መጣል እንኳ መመካከር ከተጠቀሰ፣ እስትንፋስን ከማሽን ለማላቀቅ ሐኪሙ፣ ነርሷና ቤተሰቡ መመካከራቸው ምንኛ የተገባ ነው! እኛ ያን ጊዜ ያጎደልነው ይህን ነው። ሳንመክር መከርን።

ማሽን ሳይኖር በፊት

በ1952 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን ከባድ የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሣ። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻን ሽባ ስለሚያደርግ በከባዱ ከተያዙት 10 ሰዎች 9 ያህሉ ይሞቱ ነበር። ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም፣ ልትሞት በተቃረበች የ12 ዓመት ልጅ አንገት ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ አስገብቶ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አስተነፈሳት። ልጅቱ ተረፈች። ከዚያ በኋላ 1,500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች በየተራ እየገቡ፣ ሌሊትና ቀን፣ ለሳምንታትና ለወራት ከረጢት እየጨመቁ ሕሙማንን አስተነፈሱ። የሟቾች ቁጥርም ከ4 ሰዎች 1 ያህል ወደ መሆን ወረደ። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል አጀማመር ከዚያ ይቆጠራል።

እኛ በፊቅህ ትምህርት «ፈርዱ ኪፋያ» የምንለው አለ፤ ከሕዝቡ የተወሰኑት ከፈጸሙት ከሌላው የሚነሣ፣ ሁሉም ከተወው ግን ሁሉም የሚጠየቅበት ግዴታ። በየሆስፒታላችን ሌሊቱን ቆመው የሚያድሩ ነርሶችና ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሸክም ነው ስለ ሁላችን የተሸከሙት። በዱዓችን ልንረሳቸው አይገባም።

ሙከራው እንዴት ይደረጋል?

ሐኪሞች ከማሽን የማላቀቅ ሙከራ የሚጀምሩት በዘፈቀደ አይደለም። መጀመሪያ ሰውየውን ወደ ማሽን ያስገባው በሽታ መሻሻሉን ያያሉ። የሚያስፈልገው ኦክስጅን መቀነሱን፣ የደም ግፊቱ መርጋቱን፣ ማሳል መቻሉን ይመረምራሉ። ከዚያ ጠዋት ላይ የሚያስተኛውን መድኃኒት ያቆማሉ። ሕመምተኛው ዐይኑን ይገልጣል፤ «እጄን ይጨብጡ» ሲሉት ይጨብጣል። በ2000 እ.ኤ.አ. በ128 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ ማስተኛው በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ የተቋረጠላቸው በማሽን ላይ የቆዩበት ጊዜ በመካከለኛ ልክ ከ7.3 ቀን ወደ 4.9 ቀን ማጠሩን አሳይቷል።

ሕመምተኛው ሲነቃ የማሽኑ እርዳታ በጣም ይቀነስና ራሱ እንዲተነፍስ ይደረጋል። ሙከራው ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። ቱቦው ገና አልወጣም፤ ማሽኑም ከአጠገቡ አልተነሣም። ነርሷ ትቆጥራለች፤ በደቂቃ ከ35 ጊዜ በላይ ከተነፈሰ፣ የልብ ምቱ ከ140 ካለፈ፣ በደሙ ያለው ኦክስጅን ከ90 በመቶ በታች ከወረደ፣ ላብ ካጠመቀውና ከተጨነቀ ሙከራው ይቆማል። ማሽኑ መልሶ ይሸከመዋል፤ ያርፋል፤ በማግሥቱ እንደገና ይሞከራል።

ይህ በየቀኑ አንድ ጊዜ የሚደረግ ሙከራ ቀላል ይመስላል። በስፔን ሐኪሞች ተሠርቶ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን፣ ማሽኑ የሚሰጠውን እስትንፋስ በቁጥር ቀስ በቀስ ከመቀነስ ይልቅ ይህ ሙከራ ሕሙማንን ሦስት እጥፍ ያህል ፈጥኖ እንደሚያላቅቅ አረጋግጧል። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ336 ሕሙማን ላይ ጠዋት ማንቃቱንና የመተንፈስ ሙከራውን አንድ ላይ አጣምረው ሞከሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ከ100 ሰዎች 58ቱ ሲሞቱ፣ በአዲሱ መንገድ ከታከሙት የሞቱት 44 ነበሩ።

እንግዲህ ሐኪሙ «እንሞክር» ሲል ተስፋ ቆርጦ አይደለም። ተስፋ አይቶ ነው።

የአንዲት እናት ሦስት ቀን

ባለፈው ረመዳን ሱሁር ላይ ሌላ ስልክ ተደወለልን። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት በሳንባ ምች ማሽን ላይ ናቸው። ልጃቸው እያለቀሰች ያው የቀድሞውን ጥያቄ ጠየቀችን። ይህን ጊዜ «መጀመሪያ ሐኪማቸውን አብረን እንጠይቅ» አልናት። ከፈጅር ሶላት በኋላ ሄድን።

ሐኪሟን «እሺ፣ ሞክራችሁ ባይችሉስ?» አልናት። «እንመልሳቸዋለን፣ ሼህ። አንድም ሰው ማሽኑን ከአጠገባቸው አያነሣውም» አለችን። ልጆቹ ይህን በጆሯቸው ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ። ያስጨነቃቸው ይህን አለማወቃቸው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን አልሆነም። 10 ደቂቃ ያህል ተንፍሰው ላብ አጠመቃቸው፣ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ፤ ማሽኑ ተመለሰ። ልጆቹ «አበቃ» ብለው አለቀሱ። ነርሷ ግን «እማማ ዛሬ 10 ደቂቃ ሠርተዋል፤ ነገ ይጨምራሉ» አለቻቸው። ከሰዓት በኋላ ፊዚዮቴራፒስቱ መጥቶ፣ ቱቦው እንዳለ ሆኖ፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ደግፎ አስቀመጣቸው። ጣቶቻቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ሲጠይቃቸው ልጃቸው «እማዬ፣ ተስቢሕ ቁጠሪ» አለቻቸው። አውራ ጣታቸው ከአንዱ አንጓ ወደ ሌላው ሄደ። ፊዚዮቴራፒስቱም «ይኸው ነው የፈለግኩት፤ በየሰዓቱ ያድርጉልኝ» አለ።

በማሽን ላይ ያለን ሰው ማስቀመጥና ማንቀሳቀስ ጭካኔ የሚመስለው አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. በ104 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ግን ገና በማሽን ላይ ሳሉ እንቅስቃሴ ከጀመሩት 59 በመቶው ከሆስፒታል ሲወጡ ራሳቸውን የቻሉ ሆነው መገኘታቸውን አሳይቷል፤ ካልጀመሩት ግን 35 በመቶው ብቻ።

በሁለተኛው ቀን ሙከራው ረዘም አለ። በሦስተኛው ቀን 30 ደቂቃውን ጨረሱ። ረፋድ ላይ ቱቦው ወጣ፤ የኦክስጅን ጭንብል ተደረገላቸው።

ሐኪሟ ያን ጊዜም እውነቱን ነገረችን። ቱቦ ከወጣላቸው 10 ሰዎች ውስጥ አንዱ ወይም ሁለቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቱቦው ተመልሶ ሊገባላቸው ይችላል። እንዲህ ቢሆን ሐኪሞቹ ተሳስተዋል ወይም ዱዓችን አልተሰማም ማለት አይደለም። ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው የሚቆም ሕፃን ሁላችንም ቤት አለ።

ቤተሰብ ምን ይሥራ?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ያለውን ሰው መጀመሪያ አስሮ ከዚያ እንዲመካ እንዳስተማሩት፣ እኛም ከዱዓችን ጋር የእጃችንን ሰበብ ማድረስ አለብን።

በማሽን ላይ ያለ ሰው ሲነቃ የት እንዳለ አያውቅም፤ ይፈራል፤ ቱቦውን ለመንቀል ይታገላል። የሚያረጋጋው የሚያውቀው ድምፅ ነው። ስሙን ጥሩት፤ ቀኑን ንገሩት፤ «ሆስፒታል ነህ፣ ቱቦው ለጊዜው ነው፣ እኛ አለን» በሉት። በአዎና በአይደለም የሚመለስ ጥያቄ ጠይቁት፣ በዐይኑ ወይም በእጁ ይመልስ። መነጽር የሚያደርግ ከሆነ መነጽሩን፣ የመስሚያ መሣሪያ ካለውም መሣሪያውን አምጡለት።

ቁርኣን ልትቀሩለት ብትሹ በነርሷ ፈቃድ፣ በቅርብ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ይሁን። ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ከፍቶ ማሰማት ግን አይገባም። የደከመ ሰውነት መተኛት አለበት፤ አጠገቡ ያሉትም ሕሙማን ሐቅ አላቸው። ዚያራ ሱንና ነው፤ 20 ሰው ሆኖ ከተራዊሕ በኋላ በሩን ማጨናነቅ ግን ሱንና አይደለም። አንድ ወይም ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ እጃችሁን ታጠቡ፤ ሽቶና ዕጣን ለብሳችሁ አትግቡ። ጾመኛ ሆናችሁ ሌሊቱን የምታድሩም ተራ ያዙ። የዛለ አስታማሚ አይጠቅምም።

አንድ ነገር በተለይ አደራ እንላለን። ከላይ ያነሣናቸው እናት ቱቦው እንደወጣላቸው ትልቁ ልጃቸው ከኪሱ ትንሽ የዘምዘም ጠርሙስ አወጣ። ነርሷ ከለከለችው፤ ተቆጣ፤ ወደ እኛ ዞረ። እኛም ከነርሷ ጋር ሆንን። ቱቦ በጉሮሮው የቆየ ሰው የመዋጥ ኃይሉ ለጊዜው ይደክማል፤ የጠጣው ውኃ ወደ ሆዱ መሄዱ ቀርቶ ወደ ሳንባው ሊገባ፣ እንደገናም ወደ ማሽኑ ሊመልሰው ይችላል። ዘምዘም በረካ ያለው ውኃ ነው፤ በረካውን ግን በጉዳት አንፈልገውም። መዋጡ እስኪፈተሽ ድረስ ከነርሷ ጋር ተነጋግሮ ከንፈርን ማርጠብ ይበቃል።

አንገት ላይ የሚከፈተው ቀዳዳ

ሙከራው በተደጋጋሚ ካልተሳካ ሐኪሞች በአንገት ፊት ለፊት ትንሽ ቀዳዳ ከፍተው ቱቦውን በዚያ በኩል ለማስገባት ይጠይቃሉ። ትራኪዮስቶሚ ይባላል። ቤተሰብ «አንገቱን ሊቆርጡት ነው» ብሎ ይሸሻል። እውነቱ ግን አፍ ነጻ ይሆናል፤ ማስተኛ መድኃኒት ይቀንሳል፤ ሕመምተኛው መቀመጥ ይቀለዋል፤ ሲሻለውም በልዩ ክዳን መናገር የሚችል አለ። ቱቦው ሲወጣ ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይደፈናል።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በአንደሉስ የነበሩትና በ1162 እ.ኤ.አ. የሞቱት ሙስሊም ሐኪም ኢብኑ ዙህር የአየር ቧንቧ ተከፍቶ መዳን ይችል እንደሆነ ለማወቅ በፍየል ላይ ሞክረው፣ ቁስሉም መዳኑን ጽፈዋል።

ስለ ጾሙና ስለ ውሳኔው

«አባቴ እኮ ረመዳን እያለፈው ነው» ብለው የሚጨነቁ አሉ። በሱረቱል በቀራህ አላህ (ሱ.ወ.) ለሕመምተኛ ጾሙን አንሥቶለታል። ሲሻለው በሌላ ቀን ቀዳውን ያወጣል፤ ሕመሙ የማይለቅና መጾም የማይችል ከሆነ ለየቀኑ አንድ ሚስኪን ያበላል። ሶላቱንም ሲነቃ በቻለው መጠን፣ በምልክትም ቢሆን ይሰግዳል። ራሱን ስቶ ስለ ቆየባቸው ቀናት ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው፣ ከዳነ በኋላ በአቅራቢያው ያለውን ዓሊም ይጠይቅ። አሁን ሥራው መዳን ነው።

ሌላው መለየት ያለበት፣ ከማሽን ማላቀቅና ሕይወት ካለፈ በኋላ ማሽን ማንሣት አንድ አለመሆናቸው ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1986 እ.ኤ.አ. በዐማን ባደረገው ጉባኤ፣ የአእምሮ ሥራ ሙሉ በሙሉና ላይመለስ መቆሙን ባለሙያ ሐኪሞች ካረጋገጡ ልብ በማሽን ቢመታም መሣሪያውን ማንሣት እንደሚፈቀድ ወስኗል። ያ ሌላ ምዕራፍ፣ ሌላ ውይይት ነው። ሐኪሙ «ልንቀንስ ነው» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት። ያኔ እኛ ይህን አንድ ጥያቄ ባለመጠየቃችን ነው የተሳሳትነው።

ሌሎችም ጥያቄዎች አሉ። ወደ ማሽን ያስገባው በሽታ ተሻሽሏል ወይ? ዛሬ ማስተኛው ይቆማል ወይ? የመተንፈስ ሙከራ ተደርጓል ወይ፣ ስንት ደቂቃስ ቆየ? ካልቻለ ምን ታደርጋላችሁ? መቀመጥና መንቀሳቀስ መቼ ይጀምራል? ከእኛስ ምን ትፈልጋላችሁ? ከቤተሰቡ አንድ የሚናገር ሰው ምረጡና መልሱን ጽፎ ለሌላው ያድርስ። ለኢማማችሁም ስትደውሉ መልሱን ይዛችሁ ደውሉ። እኛ ኢማሞችም መልሱን ሳንሰማ አንናገር።

ወደዚያች እናት እንመለስ። ቱቦው ከወጣ በኋላ ድምፃቸው ሻክሮ፣ እንደ ሹክሹክታ ሆኖ የመጀመሪያ ቃላቸው «ውኃ» ነበር። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ «እማዬ፣ ትንሽ ታገሺ፣ ገና ነው» አለቻቸው። እናትየዋ ዐይናቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ «መግሪብ አልደረሰም እንዴ?» አሉ። ከሦስት ሳምንት ያህል ወዲህ ልጆቹ ሲስቁ ያየነው ያኔ ነው። ጾመኛ አልነበሩም፤ አላህ ጾሙን አንሥቶላቸዋል። ግን ጥማትን ታግሦ ሰዓቱን መጠበቅ ከልጅነታቸው የለመዱት ነገር ነውና ዝም ብለው ጠበቁ። በማግሥቱ መዋጣቸው ተፈትሾ በማንኪያ ውኃ ሲሰጣቸው «ቢስሚላህ» ብለው ተቀበሉ።

የዚያን ዕለት ማታ ከተራዊሕ በኋላ በጀመዓ ለእርሳቸው አመሰገንን። በልባችን ደግሞ ለዚያ ለመጀመሪያው አባት፣ አራት ቀን ላስዘገየንባቸው፣ ምሕረትን ለመንን። ቤተሰባቸውንም ሄደን ዐፍው ጠይቀናል፤ አላህ ይስጣቸው፣ ዐፍው ብለውናል።

ያ አላህ፣ በየሆስፒታሉ ያሉ ታማሚዎቻችንን አሽርልን፣ ትንፋሻቸውን መልስላቸው። ለቤተሰቦቻቸው ሶብርን፣ ለሚያክሟቸው ብርታትን ስጥ። እኛንም ሳናውቅ ከመናገር ጠብቀን። አሚን።